የዝንጀሮ ራስ፦ አናጢውን ፍለጋ ከአሸተን እስከ ይምርሐነ ክርስቶስ

ነገሩ የጀመረው በአንድ የመጽሐፍ መደርደሪያ ነው። ቤት ተከራይተን አብረን የምንኖር ሦስት ጓደኛሞች ነን። ደሞዛችን ኪራይ ከፍሎ ሲያበቃ ለዕቃ መግዣ የሚተርፈው ከሳንቲም አይሻልም። ስለዚህ ጣውላ ገዛን፣ ሚስማር ገዛን፣ መዶሻ ከጎረቤት ተዋስን። ቅዳሜ ከሰዓት የተጀመረው መደርደሪያ ማታውኑ ቆመ። አጠገቡ ቆመን ፎቶ ተነሳን። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ግራ ማዘንበል ጀመረ። በአምስተኛው ሳምንት ከነመዝገበ ቃላቱ ወለሉ ላይ ተዘረረ።

ሰፈራችን ውስጥ በርና መስኮት የሚሠሩ አንድ አናጢ አሉ። ፍርስራሹን ተሸክመን ሄድን። ጋሼ (ስማቸውን እንዳንጽፍ አስጠንቅቀውናል) አገላብጠው አዩና ሳቁ።

«ልጆቼ፣ ይሄ'ኮ አልተገጠመም፤ ተወጋ እንጂ።»

ይቺ አንዲት አረፍተ ነገር ናት እስከ ላሊበላ ያደረሰችን። እንዴት እንደሆነ እንንገራችሁ።

መውጋትና መግጠም

ጋሼ ያን ዕለት ያስተማሩን ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። እንጨት ዛፍ በነበረበት ጊዜ ውሃ ወደ ላይ የሚያመላልሱ የቀጫጭን ቱቦዎች እስር ነበር። ከተቆረጠ በኋላም ይሄን ጠባዩን አይረሳም፤ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። የሚያብጠውና የሚኮማተረው ግን በጎኑ ነው፤ በቁመቱ እምብዛም አይለወጥም። ሚስማር ይሄን ሁሉ አያውቅም። ክረምትና በጋ በተፈራረቁ ቁጥር እንጨቱ ይላወሳል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ሚስማሩ ይላላል። በተለይ በጣውላው ጫፍ በኩል የገባ ሚስማር አጥብቆ የሚይዘው ነገር የለም። የእኛ መደርደሪያ የቆመው በእንዲህ ዓይነቶቹ ነበር።

መግጠም ሌላ ነገር ነው። መግጠም ማለት አንዱ እንጨት ለሌላው ቦታ መልቀቁ ነው። ቀላሉ ግማሽ ለግማሽ የሚገጥመው ነው። ሁለት ባለ 4 ሳንቲሜትር እንጨቶች በሚተላለፉበት ቦታ ላይ ከአንዱም 2፣ ከሌላውም 2 ሳንቲሜትር ይነሳል፤ ሲነባበሩ አንድ እንጨት ይመስላሉ። ሁለተኛው ወንዴና ሴቴ ነው። አንዱ እንጨት ጫፉ ላይ ምላስ ይወጣለታል፣ ሌላው በመሮ ይፈለፈልና ምላሱን ይውጣል። የምላሱ ውፍረት ከእንጨቱ ውፍረት አንድ ሦስተኛ ገደማ ይሁን ይላሉ ጋሼ። ከዚያ ከቀጠነ ምላሱ ይሰበራል፤ ከወፈረ ደግሞ የሚቀበለው እንጨት ግድግዳው ይሳሳና ይሰነጠቃል። (የትዳር ምክር ከመሰላችሁ፣ እኛም መስሎን ነበር።)

ሁለቱም ውስጥ ሸክሙን የሚሸከመው ብረት አይደለም። እንጨት እንጨት ላይ ተደግፎ ነው።

አዲስ ነገር የተማርን መስሎን ስንደነቅ ጋሼ «አያታችሁ ቤት ጠፍር አልጋ አልነበረም?» አሉን። ነበረ! የጠፍር አልጋ እግሮቹ ይበሳሉ፣ አግዳሚዎቹ በቀዳዳው ይገባሉ፣ ከዚያ እርጥብ ጠፍር እየተሳበ ይወጠራል። ቆዳው ሲደርቅ ይኮማተርና መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ወደ ውስጥ ይስባል። የተኛበት ሰው ክብደት ጠፍሩን ይበልጥ ይወጥረዋል። ልጅ ሆነን እላዩ ላይ እየዘለልን ያልፈረሰው ለካ በዘፈቀደ አልነበረም።

ወደ አሸተን

በዚያው ሰሞን ላሊበላ የመሄድ ዕድል ገጠመን። መቼም ላሊበላ ሄዶ አሸተን ማርያምን ሳያዩ መመለስ አይሆንም ተባልንና ጠዋት በእግር ተነሳን። አሸተን ከከተማው በላይ፣ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጋር በተያያዘው ከፍታ ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ የምትገኝ ገዳም ናት። የአዲስ አበባ ሳንባችን በየሃያ እርምጃው አቤቱታ ያቀርብ ነበር። ከፊታችን በቅሎ የሚነዳው ወጣት ግን እያወራ ይወጣል። ከወረርሽኙና ከጦርነቱ ወዲህ እንግዳ እንደ ድሮው እንደማይመጣ፣ በቅሎዋ ከሰው ይልቅ እህል መጫን እንደለመደች አጫወተን።

መንገድ ላይ አንድ ገበሬ ማረሻቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ ማሳ ሲወርዱ አገኘናቸው። እንደ ወትሮው ቢሆን ፎቶ አንስተን እናልፍ ነበር። አሁን ግን ጋሼ ዓይናችንን አበላሽተውታል። «አባባ፣ ይቅርታ፣ ይሄ በምንድን ነው የተያያዘው?» ብለን አስቆምናቸው። አሳዩን። ሞፈር፣ እርፍ፣ ሁለቱ ድግሮች፣ ከዚያ ወገሉ፣ ከዚያ ቀንበሩን የሚያስረው ጠፍር። ብረቱ ማረሻውና ወገሉ ብቻ ነው፤ ሌላው እንጨት በእንጨት ውስጥ እየገባ፣ በጠፍር እየታሰረ የቆመ ነው። አንድም ሚስማር የለውም። ሲሰበር የተሰበረው ብቻ ይለወጣል፤ ሲያበቃ ተፈትቶ ቤት ይገባል። ድንጋያማ መሬት ላይ ሲጎተት የሚውል ዕቃ በሚስማር ቢያያዝ ስንት ቀን ይቆይ ነበር? «አንድ ትልምም አያወጣ» አሉን እየሳቁ።

አሸተን የሚደረሰው ተራራው በተሰነጠቀበት ጠባብ መተላለፊያ አልፎ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ከገደሉ ዓለት ተፈልፍላ የወጣች ናት። ሥራዋ ከንጉሥ ላሊበላና ከተተኪው ከነአኵቶ ለአብ ዘመን ጋር ተያይዞ ይነገራል፤ ይሄም ከ12ኛው መጨረሻ እስከ 13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መሆኑ ነው። ከታች እንዳሉት አብያተ ክርስቲያናት ጌጠኛ አይደለችም። አባ መስቀሉንና የብራና መጽሐፉን አውጥተው አሳዩን፣ ተሳለምን። ከዚያ ደጅ ተቀምጠን ወደ ታች ስናይ አንዷ ጓደኛችን ጥያቄዋን ጣለችው፦ «እዚህ አገር ሁሉም ነገር ድንጋይ ነው። ታዲያ አናጢው የታለ?»

ድንጋይ ውስጥ ያለ እንጨት

መልሱን ያገኘነው በማግስቱ ቤተ አማኑኤል ፊት ቆመን ነው። ቤተ አማኑኤል ከአንድ ዓለት ተፈልፍሎ የቆመ ሕንፃ ነው። ግድግዳው ግን ለስላሳ አይደለም። አንዱ መቀነት ወጣ፣ ቀጣዩ ገባ፣ ሌላው ወጣ እያለ ከታች እስከ ላይ ይዞራል። መስኮቶቹ ደግሞ በአራቱም ማዕዘን የወጣ ጉጥ አላቸው። ለምን? ዓለት መቀነት አያስፈልገውም፤ የዓለት መስኮትም ጉጥ አያሻውም። ምንም ሥራ አይሠሩም።

በድንጋይ ቤት ውስጥ ሥራ የላቸውም፤ በእንጨትና በድንጋይ ቤት ውስጥ ግን ሥራ ነበራቸው። የአክሱም ዘመን ግንበኞች ትልልቅ ሕንፃዎችን ሲያቆሙ ድንጋዩን በጭቃ ከደረደሩ በኋላ በየመሐሉ የተጠረበ እንጨት በግድግዳው ርዝመት ያጋድሙ ነበር፤ አንዱን በውጪ፣ አንዱን በውስጥ በኩል። ታዲያ ሁለቱ እንዳይለያዩ ግድግዳውን አቋርጦ የሚያልፍ አጭር ግንድ ከላይ ይጫንባቸዋል። ይሄ አቋራጭ ግንድ ሆዱ ይቀረጥና በአግዳሚዎቹ ላይ ይቀመጣል፤ እንዳይንሸራተት ይቆለፋል። ክቡ ጫፉ ደግሞ ከግድግዳው ውጪ ብቅ ብሎ ይቀራል። ያ ብቅ ያለ ጫፍ ነው እስከ ዛሬ «የዝንጀሮ ራስ» እየተባለ የሚጠራው።

ልብ በሉ፦ ይሄ ጋሼ ካስተማሩን ግማሽ ለግማሽ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። ግድግዳው በጭቃ ተይዞ የቆመ ይመስላል እንጂ የያዘው መጋጠሚያው ነው። ድንጋዩ ወደ ውጪ ሊያብጥ ሲል አግዳሚው ይይዘዋል፤ አግዳሚው ሊወጣ ሲል የዝንጀሮው ራስ ይይዘዋል። የመስኮቱ አራት ጉጥም እንደዚሁ የክፈፉን እንጨቶች በግድግዳው ውስጥ የሚያስሩት ግንዶች ጫፍ ነው።

የአክሱምን ሐውልት ያየ ሰው እነዚህን ጫፎች ያውቃቸዋል። ከሮም እ.ኤ.አ. በ2005 ተመልሶ በ2008 የቆመው 24 ሜትር ሐውልት ፊቱ ላይ በረድፍ በረድፍ የተቀረጹት ክብ ክብ ነገሮች ጌጥ ብቻ አይደሉም፤ የዝንጀሮ ራሶች ናቸው። ሐውልቱ ባለ ብዙ ፎቅ ቤት ነው፣ ከነበሩና ከነመስኮቶቹ። በጠቅላላ ድንጋይ፣ በአስተሳሰብ ግን የአናጢ ሥራ።

እንዲህ ያደረግነው እኛ ብቻ አይደለንም። የግሪክ ቤተ መቅደሶች ከዓምዶቻቸው በላይ የሚደረድሩት ባለ ሦስት ሽንትር ድንጋይ ከጥንቱ የእንጨት ተሸካሚ ጫፍ የመጣ ነው ብሎ ሮማዊው ቪትሩቪየስ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ጽፏል። በዛሬዋ ቱርክ ደቡብ ምዕራብ የጥንት ሊክያውያን መቃብራቸውን ገደል ላይ ሲፈለፍሉ የእንጨት ቤት ከነምሰሶውና ከነማገሩ አስመስለው ነው። ሰው እንጨቱን ትቶ ወደ ድንጋይ ሲሄድ ቤት ምን እንደሚመስል የሚያስታውሰው ከአናጢው ነው ማለት ነው።

ዋሻው

እንጨቱ ራሱስ የት ሄደ? እንጨት ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይበላዋል፣ ይቃጠላል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነት ብቻ ስንት ሕንፃ አመድ ሆኗል። ጥቂት ቦታ ግን ተርፏል።

አንደኛው ትግራይ ውስጥ ያለው ደብረ ዳሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 ወደ አክሱም የመጣው የጀርመን ጥናት ቡድን ደብረ ዳሞንም አይቶ ሥዕሉን ሠርቷል፤ ሐውልቶቹ ላይ የተቀረጸው ነገር ምን እንደሆነ ለማስረዳት የቻለውም የዝንጀሮ ራሶቹን በእውነተኛ እንጨት እዚያ ስላገኛቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ዴሪክ ማቲውስ የተባለ እንግሊዛዊ አርክቴክት ያረጀውን ሕንፃ ሲጠግን የአሠራሩን ነገር በደንብ ለማየት ዕድል አገኘ፣ በዓመቱም ጽፎ አሳተመው። እኛ ሦስታችንም ሴቶች ነንና ደብረ ዳሞ መውጣት አይፈቀድልንም። በወረቀት ብቻ አይተን አለፍን።

ሁለተኛው ግን እዚያው ላስታ ነው። ይምርሐነ ክርስቶስ! ከላሊበላ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በጥድ ደን መካከል፣ በትልቅ ዋሻ ውስጥ ያለ ቤተ ክርስቲያን ነው። የተፈለፈለ አይደለም፤ የተገነባ ነው። ከንጉሥ ላሊበላ ቀድሞ የነገሠው ይምርሐነ ክርስቶስ እንዳሠራው ይነገራል። ወደ 900 ዓመት ገደማ ማለት ነው። ግድግዳው አንድ ረድፍ ጥቁር እንጨት፣ አንድ ረድፍ ነጭ ልስን፣ አንድ ረድፍ እንጨት እያለ ይሄዳል። ቤተ አማኑኤል ላይ ያየነው ወጣ ገባ እዚህ በሥጋና በደም ቆሟል። ወደ ውስጥ ሲገባ ጣሪያው የተገጣጠመ እንጨት ነው፣ በቅርጽና በቀለም የተሞላ።

ለምን ተረፈ? ዋሻው ነው ያተረፈው። ዝናብ አይደርስበትም፣ ፀሐይ አያገኘውም፤ እንጨቱ ክረምትና በጋ ሲፈራረቅ እንደ እኛ መደርደሪያ አይላወስም። ሕንፃው በባሕር ላይ ነው የተሠራው የሚል ትውፊትም አለ።

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 አገራችን በቆየባቸው ዓመታት ላሊበላንም ይምርሐነ ክርስቶስንም አይቶ ጽፏል። ስለ ላሊበላ ሲጽፍ አያምኑኝም ብሎ ሰግቶ እውነትነቱን በመሐላ አረጋግጧል። ዛሬ ቢመጣ አምነነዋል፤ ችግራችን ሌላ ሆኗል።

ታዲያ ማን ሠራው?

ላሊበላን ቀን ሰው፣ ሌሊት መላእክት ሠሩት የሚለውን ሁላችንም ሰምተን ነው ያደግነው። ትውፊቱን ለመንካት አይደለም። ትውፊቱ ራሱ «ቀን ሰው» ይላልና ያቺን «ቀን» ትንሽ እናስባት ለማለት ነው። ቀን ቀን መጥረቢያና መሮ የያዙ ሰዎች ነበሩ። ስማቸው አልተጻፈም። የንጉሥ ላሊበላ ስም የተቀረጸባቸው የእንጨት መናብርተ ታቦት እስከ ዘመናችን ደርሰዋል። የአሠሪው ስም አለ። የጠራቢው የለም።

ስም አለመጻፉ በዚያ ዘመን በየአገሩ የተለመደ ነው ብለን እንለፈው። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን የሚታለፍ አይደለም። በእጁ የሚሠራውን ሰው በሙያው መስደብ ልማድ አደረግነው። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂው፣ ሸማኔው፤ ሁሉም የሙያ ስማቸው ስድብ ሆነ። አንዳንዱም ቡዳ ተባለ። አናጢው የእነሱን ያህል ባይገፋም ከዚያ ጥላ ውጪ አልነበረም። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሳ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማወጅ ደርሰዋል። ጌታን «የአናጢው ልጅ» ብለው ሊያዋርዱት የሞከሩትን በወንጌል እያነበብን፣ የሰፈራችንን የአናጢ ልጅ ስናዋርድ ኖርን።

አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ዛሬ ማንም አናጢን ፊት ለፊት አይሰድብም። ግን ዩኒቨርሲቲ ያልገባች ልጁን «ሙያ ትማር» የሚል ወላጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚለው። የእኛ ዘመዶች መሮ መግዛታችንን ሲሰሙ «ዲግሪ ይዛችሁ?» አሉን። ቀጥሎም «ሴት ሆናችሁ?» መጣ። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ሥር አላቸው።

ጉዳዩ የክብር ብቻ አይደለም። የይምርሐነ ክርስቶስ አንድ አግዳሚ ነገ ቢበሰብስ ተመሳሳዩን ጠርቦ፣ ሆዱን ቀርጦ፣ ሌላውን ሳያናጋ የሚገጥመው ማነው? እንዲህ ያለው ዕውቀት መጽሐፍ ውስጥ ግማሹ ብቻ ነው የሚገባው፤ ሌላው ግማሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ነው። እጅ ከእጅ ሲለያይ ይቀራል።

ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ

አዲስ አበባ ስንመለስ ሁለተኛውን መደርደሪያ ጀመርን። አሁን መግጠም እናውቃለና! ጋሼ ሞራሌ አስመረጡን፤ ጣውላ ለካን፤ በመካከል ያለው ስፋት 74 ሳንቲሜትር እንዲሆን ወሰንን። አግዳሚዎቹን ሁሉ ልክ 74 ላይ ቆረጥናቸው። በኩራት ወሰድንላቸው።

ጋሼ ሜትራቸውን አወጡ፣ ለኩ፣ ዝም አሉ። «ምላሱስ ከየት ይምጣ?»

ረስተነዋል። በሁለቱም ጫፍ እግሩ ውስጥ የሚገባ ሦስት ሦስት ሳንቲሜትር ምላስ ያስፈልጋል፤ 74 ሲደመር 6፣ 80 ላይ መቁረጥ ነበረብን። አንድ ሙሉ ጣውላ ለማገዶ ሆነ። ይሄን ስሕተት ያላደረገ አናጢ እንደሌለ ጋሼ ነገሩን፤ ለማጽናናት ይሁን ለእውነት አላወቅንም።

ያኔ ነው ላሊበላ እንደገና የታየን። ዓለት የሚፈለፍል ሰው ከጣሪያው ይጀምራል። ዙሪያውን ቆፍሮ ዓለቱን ከተራራው ይለያል፣ ከዚያ ወደ ታች ይወርዳል። መሠረቱ መጨረሻ ነው የሚደርሰው። ጣሪያው ላይ ሆኖ መስኮቱ የት እንደሚሆን፣ ዓምዱ የት እንደሚቆም ማወቅ አለበት፤ ዓምድ መሆን የነበረበትን አንዴ ከቆረሰው ተመልሶ የሚለጠፍ ነገር የለም። ቤተ ጊዮርጊስን ስናይ የምናየው የመሮውን ብቻ አይደለም። ከመጀመሪያው ምት በፊት አንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ሙሉ ሆኖ የቆመ ሕንፃ ነው። እንጨት ይቅር ባይ ነው፤ ሌላ ጣውላ ይገዛል። ቢሆንም ትምህርቱ ያው ነው።

ስለዚህ በሦስተኛው ዙር እንዲህ አደረግን፣ ለሞካሪ ይጠቅም እንደሆነ እንንገራችሁ። መጀመሪያ ምን እንደሚቀመጥበት ወሰንን፤ ትልቁን መጽሐፍ ለካን፣ የመደርደሪያው ከፍታ ከእሱ ወጣ። ቀጥሎ በወረቀት ሣልነው፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ። ከዚያ እያንዳንዱን እንጨት በስም ጻፍን፦ እግር አራት፣ አግዳሚ ስምንት፣ እያለ፣ ርዝመቱ ምላሱን ጨምሮ። መሮው 1 ሳንቲሜትር ስለሆነ ምላሱም 1 ሆነ፤ አግዳሚው 3 ሳንቲሜትር ውፍረት አለውና ሒሳቡ ገጠመ። ሴቴውን ቀድመን ፈለፈልን፣ ምላሱን በእሷ ልክ ላጥን፤ የገባ ምላስ መቀነስ ይቻላል፣ የሰፋ ቀዳዳ ግን አይጠብምና። ኮላ ከመቀባታችን በፊት ሁሉንም በደረቁ ገጥመን አየን። መጋዝ የያዝነው ከሦስት ቀን ወረቀት በኋላ ነው።

መደርደሪያው ቆሟል። ፍጹም አይደለም። ከኋላ በኩል አንዱ መጋጠሚያ ሰፍቶብን በስስ እንጨት ሞልተነዋል፤ እንግዳ አያየውም፣ እኛ ግን እናውቀዋለን። ጋሼ መጥተው በእጃቸው ገፋ ገፋ አደረጉት። አልተነቃነቀም። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከአንዱ እግር ውጪ ወደ ግማሽ ሳንቲሜትር አልፎ ብቅ ያለውን የምላስ ጫፍ አዩ። ሆን ብለን ነው ያልቆረጥነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉን።

«የዝንጀሮ ራስ» አልናቸው።

ታሪኩን ከአሸተን ጀምረን ነገርናቸው። ጋሼ አርባ ዓመት ሙሉ አናጢ ናቸው፤ ላሊበላን አይተው አያውቁም። እኛ የምንጽፈው፣ እሳቸው የሚሠሩት ሙያ ያን ያህል ዘመን ዕድሜ እንዳለው የነገራቸው ሰው አልነበረም። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

በሚቀጥለው ጉዞ አራት ሆነን ነው የምንሄደው። ይምርሐነ ክርስቶስ ጣሪያ ሥር አቁመናቸው እሳቸው ምን እንደሚያዩ መስማት እንፈልጋለን፤ እኛ ያላየነውን እንደሚያዩ አንጠራጠርም።

እስከዚያው ቸር ይግጠመን።